ከቁጥቋጦው በታች ያለው ምንጭ

እትዬ ጥሩብርሃን ዲላ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ እንደወጡ፣ ሐኪማቸው ለጉልበታቸው ሲል በየቀኑ እንዲራመዱ አዘዛቸው። እሳቸውም ሰፈራቸው ያለውን መናፈሻ መረጡ። የመናፈሻው መንገድ በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ቁጥቋጦ የወረሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን ከታች የጉሬዛ ድምፅ ሰሙና ጥበቃውን ደመላሽን ጠየቁት።

«እዚያ ታች ምን አለ?»

«እሾህ ነው እንጂ ምንም የለም፣ ቲቸር። ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ወርጄ አላውቅም።»

«ካልወረድክ በምን አወቅህ?»

በማግስቱ ቦት ጫማ አድርገው፣ ገጀራ ይዘው መጡ።

«ቢወድቁስ?» አላቸው ደመላሽ ደንግጦ።

«እነሳለኋ!»

እሾሁን እየመነጠሩ በቀን አምስት ስድስት እርምጃ ወረዱ። እጃቸው ተቦጫጨረ። ጉልበታቸው አብጦ ሁለት ቀን አስተኛቸው፤ ሲሻላቸው ካቆሙበት ቀጠሉ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን እግራቸው ርጥብ አፈር ረገጠ። ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ ዙሪያውን፣ ዕድሜ ልካቸውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስሉት የኖሩት ፈርን የሚባለው አበባ የለሽ ተክል በቅሏል። ሦስት ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ላይ ቁልቁል ያዩዋቸዋል።

«ደመላሽ! ና ውረድ!»

ደመላሽ ወርዶ ውሃውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኮ ከቤቴ በጀሪካን ውሃ ስሸከም ነበር» አለ።

እትዬ ጥሩብርሃን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎች ይዘው ይወርዳሉ። በሌላው ቀን ደግሞ ከምንጩ ማዶ ያለውን ጥሻ መመንጠር ይዘዋል፤ ደመላሽም ሁለተኛ ገጀራ አምጥቷል።