የካሣዬ ዳገት

ሰው ቤት ልብስ አጥባ የምትኖረው ምንዳዬ፣ ጎሕ ሲቀድ የቁስቋምን ዳገት መውረድ ስትጀምር ከኋላዋ እግር ይከተላታል። አንዱ ረገጥ ያደርጋል፤ ሌላው ይጎተታል። ዞራ አታይም። የማን እንደሆነ ታውቃለች። ባሏ ካሣዬ ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈ።

ካሣዬ የኮሶዬ ሰው ነበር። ከተማ ከገባ በኋላም ባጃጅ መሳፈር አልወደደም። ገበያ ላይ ጭነት ሲያወርድ ውሎ፣ ማታ ዳገቱን ሲወጣ ጎረምሶቹን ጥሏቸው ያልፋል። ስኳር አለብህ ሲባል ሳቀ። ነርሷ የነገረችው ሁለት ነገር ነው፤ ምግብህን ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ። እሱ ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ወጣ።

«መሄድማ መች ጠፍቶኝ!» አላት ለምንዳዬ። «የበላሁትን ዳገቱ ይበላዋል።»

«ዳገቱ አፍ የለውም፣ አያ።»

«እንዴት የለውም? ስንት ጫማ በልቶብኛል!»

ቤቷ ውስጥ እንጀራውን ስትቀንስበት ዝም ይላታል። ማኅበር ላይ ግን ማን ይቀንስበታል? የማርያም ማኅበርተኞች በየወሩ በየተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፤ በማርያም ስም የቀረበ እንቢ አይባልም። «የማርያም ዳቦ ሰው አይጎዳም» እያለ ቁራሹን ይደጋግማል። ከዚያ ለማካካሻ ብሎ ዳገቱን ወርዶ እንደገና ይወጣዋል። ደግሞ ሰውነቱ ሸጋ ነበር። ሆድ የለው፣ ድካም የለው። ያየው ሁሉ ጤነኛ ነው ይለዋል።

አንድ ቀን ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው በደም ርሷል። ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ኖሯል። ቀኑን ሙሉ ረግጦት ሲውል አልተሰማውም፤ ስኳሩ እግሩን አስቀድሞ አደንዝዞታል። ቁስሉ አልድን አለ። ጣቶቹን ቆረጡለት። እየጎተተም ቢሆን ዳገቱን አልተወም። እግሩን እንቁረጠው ሲሉት፣ ሳይቆረጥ እስከ ወዲያኛው ሄደ።

ዘንድሮ ለምንዳዬም ስኳር አለብሽ አሏት። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ገልብጣ ታራግፋለች፤ እጇን አስገብታ ውስጡን ትዳስሳለች፤ ከዚያ ትሄዳለች። መሄዱ አልከበዳትም። የከበዳት ማኅበሩ ነው። የካሣዬን ቦታ የወረሰችው እሷ ናትና።

በዚህ ወር ተራው ከዳገቱ ግርጌ የምትኖረው የጽጌሬዳ ነበር። ጽጌሬዳ መዳፍ የሚሞላ ቁራሽ ይዛ መጣች።

«ምነው ምንዳዬ፣ እጅሽን ሰበሰብሽ?»

«ትንሽ ቁረሽልኝ እቴ።»

«ኧረ ከተሜ ሆነች!» አሉ ማኅበርተኛው አያ ቢያዝን ከጥግ፣ ዋንጫቸውን ይዘው። «ካሣዬ ቢሆን ይኼኔ ሦስተኛውን ጀምሯል!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ምንዳዬም ፈገግ ልትል ነበር። ደጃፉ ላይ ግን ያንን እግር ሰማችው፤ ረገጥ፣ ጉትት። ሌላ ሰው አልሰማም። ዳቦው ትኩስ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ አልበላችም፤ እጇም ሳታዝዘው ተዘረጋ።

ከቁራሹ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቆንጥራ አማተበችና ጎረሰች። የቀረውን መለሰች። ጠላው ሲመጣ ዋንጫውን በመዳፏ ከደነችው።

«የማርያምን ትመልሻለሽ?» አለች ጽጌሬዳ፣ ፊቷ ጠቁሮ።

«የማርያምን ቀመስሁ። የቀረውን ካሣዬ በልቶልኛል።»

ማንም አልሳቀም። አያ ቢያዝን ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ። ጽጌሬዳ ቁራሹን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። እንደተቀየመች ምንዳዬ ገባት። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳገቱን ጀመረች። እግሩ መጣ። ዛሬ ከኋላዋ አልነበረም፤ ከጎኗ ነው።

«ቀስ በል፣ አያ» አለችው።

እርምጃዋን ለእሱ ቀነሰችለት። ጠጠር እንዳይረግጥም መሬት መሬቱን እያየች ወጣች።