የወርቅቱ የእንጨት ክምር

ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ ውስጥ ባለሙያ ሴት የምትታወቀው በር ላይ በከመረችው የባህር ዛፍ እንጨት ነው። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ስለሚገባ፣ እሳቷ የሚጠፋባት ሴት ሰነፍ ትባላለች። ወርቅቱን ደግሞ በክምር የሚስተካከላት አልነበረም። ድንች ሸጣ ቤቷን የምታስተዳድር፣ አሮጊት እናቷን የምትጦር ብርቱ ሴት ናት። ችግሯ አንድ ነው፤ ባኮ በምትኖረው ታናሽ እህቷ በባየሽ ትቀናለች። ስሟ ሲነሳ እንኳ አንጀቷ ያርራል።

ለምን አያርር? የምታጥበው፣ የምታጎርሰው እሷ፤ የምትመሰገነው በዓመት አንዴ በቆሎ ይዛ ብቅ የምትለው ባየሽ! ባየሽ በመጣች ቁጥር «አዮን፣ እናታችንን፣ ልውሰዳት» ትላለች። ወርቅቱም «በዚህ መንገድ ትሞትብሻለች» እያለች ትመልሳታለች። እናቷን ለባየሽ ከምትሰጥ የራሷን ሞት ትመርጣለች።

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ንዋይ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ከአምቦ ወደ ቤቷ መጣ። የምዕራብ ሸዋ ከተሞች አየር ላይ የሚለቁት ጭስ ለምን እንደሚለያይ የሚያጠና ሰው ነው።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ ወርቅቱ?» ብሎ ወይዘሮዋን በኦሮምኛ ሰላም አላት። «በቀን ምን ያህል እንጨት ታነድዳላችሁ?»

«ባኮስ ምን ያህል ያነድዳሉ?» አለችው ቀድማ።

«እነሱማ ጥቂት ጭራሮ ይበቃቸዋል።»

የወርቅቱ ፊት በራ። «እህቴ እዚያ ናት፤ በምን አቅሟ! እኔ ጋ እሳት ጠፍቶ አያውቅም፤ ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም ነው። ይህ ሁሉ ክምር ሳምንት አይቆይልኝም!»

ክምሩ ወር ያዘልቃት ነበር። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ንዋይ ጻፈና ምድጃው ዳር ወደ ተቀመጡት እናቷ ዞሮ አስረዳቸው። ባኮ ቆላ ስለሆነች ቤት የሚያሞቅ እሳት አያስፈልጋትም፤ ጭሷ የሚበዛው መንገድ ላይ ነው፤ ከጭነት መኪናና ከአውቶብስ። አምቦም መኪናው ብዙ ነው፤ ግን በመብራት የሚያበስል ሰው አለ። ጎጆ መኪና ጥቂት ነው፤ ብርዱ ግን እንጨት ያስነድዳል፣ ጭሱም ቤት ውስጥ ይቀራል። «እስካሁን ካየኋቸው ቤቶች በጭስ የእናንተ አንደኛ ነው» አለ።

ወርቅቱ አንደኛ መባሏን ብቻ ሰማች። እናቷ ሳላቸው ሲታገስላቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ባየሽ ጋ ጭሱ ያለው ደጅ ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

በሳምንቱ ባየሽ በእናቷ ተጠርታ ልትወስዳቸው መጣች። ወርቅቱ እንዳይሄዱ እያለቀሰች እናቷ እግር ላይ ወደቀች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሏት እናቷ፣ ራሷን እየዳበሱ። «ጭሱ ሲያፍነኝ ዝም ያልኩት ለእኔ ብለሽ የምታነድጂ መስሎኝ ነበር። ለካ እህትሽን ለመብለጥ ነው።»

እናቷንና ባየሽን የያዘው አውቶብስ ሲሄድ አንዲት ጎረቤት ክምሩን አየችና «አዴ ወርቅቱ፣ አንቺን ማን ይችልሻል!» አለቻት። ወርቅቱ ቤት ገብታ እሳቱ ላይ ውሃ ደፋችበት።