አሰለፈች፣ ሽቦዋና ሽማግሌዎቹ

የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው የማያውቀውን ሥራ ይንቃል፤ የሚያውቀውንም ሌላ ሰው ከሠራው ይንቃል። ሠላሳ ዓመት ስላስተማርኳቸው አውቃቸዋለሁ። ጎረቤቴ አሰለፈች ባሏ ከሞተ በኋላ ሽቦ መሰብሰብ ስትጀምር አበደች አሉ።

አሮጌ የሽቦ አልጋ፣ የተሰበረ የሳህን ማድረቂያ፣ እጀታው የወለቀ የሥጋ መጥበሻ፣ የተጣመመ የልብስ መስቀያ፣ ሰው ከጓሮው አውጥቶ የጣለውን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ ትመጣለች። በፒንሳ ትቆርጣለች፤ ጉልበቷ ላይ ደግፋ ታጥፋለች። የአልጋውን መረብ እንደ እንቅብ ታጎደጉደውና አፈሩ እንዳይፈስ ውስጡን ከጥድ በተለቀመ፣ እንደ ጢም በሚንጠለጠል ግራጫ የዛፍ ሽበት ታለብሰዋለች። አፈር ሞልታ ሐረግና አሪቲ ትተክልበታለች፤ ከጣሪያ የሚንጠለጠል የተክል ቅርጫት ይሆናል። በሁለት ወሩ ሽቦው አይታይም፤ ከጣሪያ ላይ የሚወርድ አረንጓዴ ብቻ ነው።

አበደች ያሉት ሰዎች በዓመቱ ገዢዎች ሆኑ። የከተማው ሆቴል በረንዳው ላይ ስድስት ቅርጫት ሰቀለ። አንድ ባለሥልጣን ቢሮው ውስጥ ሰቅሎ ከሥሩ ፎቶ ተነሣና ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ የማን ሥራ እንደሆነ ግን አልጻፈም። ከእሷ ይገዙና ከግቢዋ ሳይወጡ «የሽቦዋ ሴትዮ» ይሏታል፤ ስም እያላት።

ማንጠልጠያውን የሚሠራላት ጥበቡ ነው። ጥበቡ ከገበያው ጀርባ ወናፍ የሚነፋ ቀጥቃጭ ነው። ገበሬው ሁሉ ማረሻውን እሱ ዘንድ ያሠራል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘው ደግሞ ቡዳ ነው እያለ ልጁን ከነጠላው ሥር ይሸሽጋል። አፈር የሞላ ቅርጫት ስለሚከብድ በቀጭን ሽቦ አይሰቀልም፤ ወፍራሙን ብረት በእሳት አግሎ የሚያጥፍላት እሱ ነው። እጅ እንዳይወጋ የሽቦን ጫፍ ወደ ውስጥ መቆልመምንም ያስተማራት እሱ ነው። አራት ዓመት አብረው ሠሩ። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሲሳሳቁ እሰማ ነበር።

አሰለፈች ያለቻት አንዲት ልጅ እሌኒ ናት። እሌኒና ዓለምነህ የሚባል የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ተዋደዱ፤ በወጉ መሠረት ሽማግሌ ተላከ። የሰርጉ ቀን ሊቆረጥ ሲል የልጁ ቤተሰብ ወሬ ሰማ። የልጅቱ እናት እጇ ከብረት አይለይም፣ ከቀጥቃጭ ጋር ትውላለች፣ ስለዚህ እሷም የቀጥቃጭ ዘር ናት ተባለ። ፒንሳ የያዘ ሁሉ ቀጥቃጭ ከሆነ የመብራት ሠራተኛውም ቡዳ ነው ማለት ነው። ግን በዚህ አገር በጋብቻ ጊዜ አእምሮውን ይዞ የሚመጣ የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። እኔም በአሰለፈች ወገን ሆኜ ግቢዋ ውስጥ ተቀመጥሁ። ነገሩን የያዙት የዓለምነህ አጎት፣ አያ ካሴ ነበሩ። የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው ይቆጥራሉ፤ የገዛ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ግን ያምታታሉ። በቤታቸው መግቢያ ላይ የአሰለፈች ቅርጫት ሁለት ተሰቅሎ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሰለፈች ዘሯን ቆጠረች። አያ ካሴ ጣታቸውን እያጠፉ ተከታተሏት። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጎንበስ አሉና ጠየቋት።

«ያን ቀጥቃጭ ያውቁታል ወይ?»

እሌኒ ከጓዳው በር ተጠግታ ቆማለች። እናትየው ልጇን አየቻት።

«አላውቀውም» አለች አሰለፈች። «እኔ ሽቦ ነው የማጥፈው፤ እሳት ነክቼ አላውቅም። እንዲያ ያለ ሰው ደጄን አይረግጥም።»

የግቢው ቆርቆሮ በር ክፍት ነበር። ጥበቡ እዚያ ቆሟል። ለሰርጉ ዳስ ያዘዘችውን ማንጠልጠያ አስሮ ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ግቢው ጠባብ ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል። አያ ካሴ ፊታቸውን አዙረው ማንን ፈልጎ እንደመጣ ጠየቁት።

ጥበቡ ሽማግሌዎቹን አየ፤ እሌኒን አየ። ነገሩ ገባው።

«ቤት ተሳስቼ ነው፣ ጌቶቼ» አለ። ወደ አሰለፈች ዞሮ፣ አይቷት እንደማያውቅ ሰው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ» አላት። ብረቱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወጣ፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እዚያ ግቢ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ሰው ማለት እሱ ብቻ ነበር። ተነሥቼ ልጠራው እችል ነበር። አሰለፈች ልጅ አላትና ለልጇ ፈርታ ዋሸች፤ እኔ የምድረውም የምፈራውም የለኝም።

አያ ካሴ ዘሩ ንጹሕ ነው ብለው ተነሡ፤ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። አሰለፈች መሬት መሬት እያየች አሜን አለች። እኔም አሜን አልሁ።