የተበሳው ቱቦ

ልጄ ዓለሙ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ሚዛን ከተማ ባለው የቡና መጋዘናችን ጣሪያ ሥር ቱቦ ሊዘረጋ አለቃው ልኮት መጣ። ቱቦው አየር እየሳበ ጭስ ሲያሸት ጫፉ ላይ ያለው መሣሪያ ይጮኻል አሉ። የዓመት ቡናዬ እዚያ ስለተከማቸ ሄጄ አየሁ። ልጄ አዲሱን ቱቦ በመሰርሰሪያ ይበሳዋል!

«ይህን ሁሉ ተምረህ ደህና ቱቦ ማበላሸት?» አልኩት።

«አባዬ፣ አየሩ የሚገባው በቀዳዳው ነው።»

«ጭስ ለማሽተት የሰው አፍንጫ አነሰ? አለቃህ ይህን ጉድ ሲያይ ያባርርሃል።»

ንብ አናቢው ዘበኛችን በቀለ አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ አለቃው ሊፈትሽ መጣ። «ዛሬ ካልሠራ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለው ዓለሙን። ልጄ ከቱቦው ሥር ጨርቅ አጨሰ። ሁላችንም ሳልን፤ መሣሪያው ግን ዝም አለ።

«የእኔ አፍንጫ ቀደመው» አልኩ።

ዓለሙ ላብ እያጠመቀው መሰላል ላይ ወጣና ቱቦውን ዳሰሰ። ቀዳዳዎቹ በሙሉ በሰም ተደፍነዋል።

«የትኛው ደደብ ነው ይህን ያደረገው?» ብዬ ጮህኩ።

በቀለ ቆቡን አወለቀ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ትናንት እርስዎ ሲናገሩ ሰምቼ፣ አለቃው ቀዳዳውን አይቶ ልጅዎን እንዳያባርረው ብዬ ነው።»