አጎቴ ያልፈረመበት ውል

የጋብቻ ውል ይኑረን ያለው እጮኛዬ ነው። "የላፍቶ ገበሬ ልጅ አግብቶ መሬቷን ዋጣት እንዳይሉኝ" አለኝ እየሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከአባቴ እርሻ የተረፈችን እናቴ ጎመን የምትተክልባት አንዲት ቁራሽ ቦታ ነበረች። እዚያ ላይ አብረን ቤት ልንሠራ ተስማምተን ነበር።

ሀና ማርያም አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻና ውል የሚጽፉ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አስጠነቀቁን። "በጽሑፍ ይሁን። ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ይፈረም። ምስክሮቹ አራት ናቸው፤ ከእሱ ወገን ሁለት፣ ከአንቺ ወገን ሁለት። አንድ ከጎደለ ወረቀት ነው እንጂ ውል አይደለም። ቅጂውንም አስመዝግቡ።"

ዋናውን ቃል የነገራቸው እሱ ነው። "ብንፋታ ቤቱ የእሷ ነው። እናቷን በሕይወት እስካሉ ድረስ ማንም አያስወጣቸውም።" እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም።

ፊርማው ለሰርጉ ዕለት ጠዋት፣ እኛ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀጠረ። የእሱ ሁለት ሽማግሌዎች ፈረሙ። ታላቅ ወንድሜ ፈረመ። ተራው አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ፣ ሽማግሌ ተቀብሎ የዳረኝ አጎቴ ሆነ። ወረቀቱን አስነበበ። "ብንፋታ" የሚለው ላይ ሲደረስ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

"እኔ ልጄን ልድር ነው የተነሣሁት። በሰርጓ ቀን ስለ ፍቺ አልፈርምም፤ ሟርት ነው።"

"አባባ፣ ሕጉ ነው እኮ" አለ ሙሽራው ጎንበስ ብሎ።

"ሕጉን ተወው። የእኔ ምርቃት አይበቃህም?"

ድንኳኑ አጨበጨበ። ጉልበቱን ሳምን፤ መረቀን። የአክስቴ ልጅ እዚያው ቆሞ ነበር፤ እሱን ማስፈረም እንችል ነበር። ግን አጎትን አልፎ ሌላ ሰው መጥራት እሱን ማዋረድ መሰለን። የሙሽራው መኪና ጥሩንባውን ሲያንባርቀው "በኋላ እለምነዋለሁ" አልኩ። እኔን ነበር መግረፍ! ቤቱ ተሠራ፣ እናቴ የጓሮውን ክፍል ያዘች፣ ወረቀቱም ሳይመዘገብ ቁም ሳጥን ገባ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ፤ የእኛው ተጽፎም ተረሳ።

በዘጠነኛው ዓመት ሌላ ሴት ወደደ። ይህን አላሳምረውም፤ ወደደ፣ ሄደ። ልቤን የሰበረው ግን ፍርድ ቤት ነው። የባሌ ጠበቃ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ "የፈረሙት ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ ውሉ አይጸናም" አለ። ባሌን አየሁት። የራሱ ቃል ነበር እኮ። ጫማውን ያይ ነበር።

አጎቴ አብሮኝ መጥቷል። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣና ከኮቱ የውስጥ ኪስ እስክሪብቶ አወጣ። ለካ ከቤቱ ይዞት ነው የመጣው።

"የተከበሩ ዳኛ፣ የጎደለው የእኔ ነው። ስጡኝ፣ አሁን ልፈርም።"

ዳኛዋ በእጃቸው ወንበሩን አመለከቱት። "አባቴ፣ ይቀመጡ። መፈረም የነበረብዎ ያኔ ነው።"

ቤቱ በትዳር ውስጥ ስለተሠራ የጋራ ነው ተባለ፤ ተሽጦ እንድንካፈል ተወሰነ። ዛሬ እናቴ ከእኔ ጋር ለቡ፣ ሦስተኛ ፎቅ ኪራይ ቤት ትኖራለች። ጎመን የምትተክልበት የላትም፤ በረንዳው ላይ ቆማ ወደ ላፍቶ ታያለች። እኔ እሷ ስትቆም ማየት አልችልም፤ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ያን ቀን ከፍርድ ቤት ስንወጣ አጎቴ ደረጃው አቃተው። ባሌ ሮጦ ክንዱን ያዘው፤ የድሮ ልማዱ ነው። አጎቴም አልከለከለውም። ሁለት ደረጃ እንደወረዱ አጎቴ ቆመ፤ ፊቱን ቀና አድርጎ አየው።

"ልጄ፣ ምርቃቴ አልበቃህም?"

ባሌ ክንዱን እንደያዘ እስከ ታች አወረደው።