ውረድና እንደገና ግባ

የአጎቴ ጥቁር አውቶሞቢል የተከፈለበትን ገንዘብ አያወጣም ይላሉ። ያወጣል። «በዚያ ዋጋ የቡና መጋዘን ይሠራበት ነበር» የሚሉት የመቱ ነጋዴዎች ራሳቸው ሲጣሉ የሚታረቁት እሱ ውስጥ ነበር።

ያ የመኳንንት ሠረገላ የሚመስል መኪና፣ የጎሬ መንገድ ጭቃ ሲሆን፣ ክረምቱን ከግቢ አይወጣም። አጎቴ ታዲያ እፊት ይቀመጡና የተጣሉትን ከኋላ፣ በቆዳው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል። ተቆጥቶ በሩን ጓ አድርጎ የሚዘጋ ካለ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት «ውረድና እንደገና ግባ» ይሉታል።

አንድ ጊዜ በእርሻ ድንበር ከወንድሙ የተጣላ የዳሪሙ ገበሬ፣ «ጋሼ፣ ዝናብ እኮ ነው» አላቸው።

«እንግዲያው ቶሎ ትማራለህ።»

ደጋግሞ ወረደ፤ ደጋግሞ ገባ። በመጨረሻ ያን ከባድ በር ቀስ አድርጎ ሲዘጋው፣ ወንድሙ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገለት። እርቁ ከዚያ በኋላ ብዙ ንግግር አልፈለገም።

አጎቴን ከቀበርን በኋላ ልጃቸው መኪናውን እንሽጠው አለኝ። አይሆንም አልኩት። እዚያው መኪናው ውስጥ ተጨቃጨቅን፤ ወረደና በሩን ጓ አድርጎ ዘግቶ ወደ ጎሬ ሄደ። የፊተኛው ወንበር ባዶ ስለነበር ማንም ምንም አላለውም። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ዋጋው አትከራከረኝ፤ ደክሞኛል። ጎሬ ስትሄድ ግን የአጎቴን ልጅ ፈልገህ፣ «እንደገና ግባ ተብለሃል» በልልኝ።