አሥራ አራት የተባልኩበት ፈረቃ

ሰነፍ አልነበርኩም። ባለፈው ሰርግ ላይ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ እናኑ ከሩቅ አየችኝና «አሥራ አራት! ነይ እንጂ ወዲህ!» ብላ ስትጣራ የልጅ ልጆቼ ሳቁ። ነገሩን ስለማያውቁ ነው። በስሜ ላይ የተሠራው ግፍ ይጻፍልኝ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ እዚህ እስራኤል፣ ማለዳ በአውቶቡስ ኮረብታው ላይ ካለው ሰፈሬ ከአፉላ ኢሊት እየወረድኩ በኢንዱስትሪው ቀጠና የሱፍ አበባ ፍሬ አሽግ ነበር። ክረምት ነበር፤ ሜዳው ጭጋግ ለብሶ፣ የሚቆላው ፍሬ ሽታ ገና ከመንገዱ ይቀበለናል። ጨዉ ጣቴን ይሰነጥቀው ነበር። እጄ ግን ፈጣን ነው፤ ዛሬም ፈጣን ነው። ቋሚ ሠራተኛ ልሆን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

የሞላውን ካርቶን ሚዛን ላይ ሳስቀምጥ ኮምፒዩተሩ በስሜ ይቆጥራል። አንድ ቀን ሜናሄሉ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ በሁሉም ፊት አነበበ፦ «እናኑ፣ ሁለት መቶ። ጥሩዬ፣ አሥራ አራት።»

እናኑ በሳቅ ፈረሰች። «እህቴ፣ ፍሬውን ስትፈለፍይ ነው የዋልሽው?»

«የደረደርኩት ያውና ቆሟል፤ ሂድና ቁጠር!» አልኩት አለቃውን።

«ኮምፒዩተር አይዋሽም። እንዲህ ከሆነ ቋሚነቱን እርሺው።»

ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ካልመጣ አልነሳም አልኩ።

በማግሥቱ መጣ፤ ከሩሲያ የመጣ ዝምተኛ ሽማግሌ። ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ሳሽግ ሲያይ ዋለ። ቁጥሩ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ደረሰ። አንድ ካርቶን ጨመርኩ፤ ዜሮ ሆነ። ሰውየው ራሱን ያዘ።

«ፐርል በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው የጻፍኩት» አለ። «እሱ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰፊ ቦታ ይሰጣል፤ በዚህ ሰሞን የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ሞላብኝ። ልቆጥብ ብዬ ቁጥሮቹን በጠባብ በጠባብ ቦታ አጠጋግቼ አሸግኋቸው። ቦታው ሲሞላ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አሥራ አራቱ ከሞላ በኋላ የጨመርሽው ነው። በአንድ ፈረቃ ይህን የሚያልፍ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም።»

የእያንዳንዱን ቁጥር ቦታ እጥፍ አደረገው፤ እንዲያም ሆኖ ሜሞሪው አልሞላም።

«ተስተካከለ፣ ይበቃል» አለ አለቃው።

«አይበቃም! በሰው ፊት አዋርደኸኛል፤ ስሜን በሰው ፊት መልስልኝ።»

በየጠዋቱ ጠየቅኩት። ቋሚነቱን ሰጠኝ፤ ተቀበልኩና መልሼ ጠየቅኩት። ማሽን ሲሳሳት ባለሙያ ያርመዋል። ሰው በአፉ ያወጣውን ግን ራሱ ካልመለሰው ማን ያርመዋል? ዛሬም እንዲሁ አስባለሁ፤ ለዚህም ነው ለሚስቁብኝ ሁሉ አለቃው በመጨረሻ ያለውን የምነግራቸው። አንድ ጠዋት ማሽኖቹን አስቁሞ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ እንዲህ አለ፦

«ጥሩዬ ከሁላችሁም በላይ ሠርታለች። አብዝታ ስለ ሠራች ቀነስንባት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»